በጀልባ ጉዞ ላይ ማቅለሽለሽንና ማስመለስን እንዴት መከላከል ይቻላል? ከጀመረስ በኋላ ምን ይደረግ?

ማለዳ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ዘጌ የሚሻገር መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ውኃ ያገኛል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሚመለሰው ግን ነፋሱ ተነስቶ፣ ሞገዱ ጀልባዋን ከጎን እየመታት፣ አብረውት ከተሳፈሩት አንዱ ወይም ሁለቱ ፌስታል አፋቸው ላይ ይዘው ሊያገኛቸው ይችላል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው፤ በመሆኑም ነፋስ ሲነሳበት ሞገዱ አጫጭር፣ ቀጥ ቀጥ ያለና ፋታ የማይሰጥ ይሆናል። ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው የጣናን ገዳማት ለመሳለም ወይም ለመጎብኘት በጀልባ ለሚጓዙ ሰዎች ነው። ሆኖም በትንሣኤ ሰሞን ኢየሩሳሌም ደርሶ በገሊላ ባሕር ላይ በጀልባ የሚጓዝ ምእመንም ሆነ ከፒሬየስ ወደብ ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚሻገር በአቴንስ የሚኖር ወገን የሚገጥመው ችግር ያው ስለሆነ ምክሩ ለእነርሱም ያገለግላል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የሚሠራ መፍትሔ ጥቂት ነው፤ ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት የሚሠራው ግን ብዙ ነው። ሰዓቱ፣ መቀመጫው፣ የሆድ ሁኔታና መድኃኒቱ የሚወሰኑት ሁሉ እግር ገና መሬት ላይ ሳለ ነው። ብዙ ሰው ከእነዚህ መካከል ስለ እንክብሉ ብቻ ይጠይቃል፤ በእኔ አመለካከት ግን የጣና ተጓዥን ይበልጥ የሚጠቅሙት ሰዓቱና መቀመጫው ናቸው።

የሕመሙ መነሻ

ማቅለሽለሹ የሚሰማው ሆድ ላይ ቢሆንም መነሻው ሆድ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቅስት ቱቦዎች የራስን መዞር ይለካሉ፤ ከእነርሱ አጠገብ ያሉት በጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች የሚሠሩ ሁለት አካላት ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ያውቃሉ። ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ወይም ወለሉን የሚያይ ሰው ዓይኑ «ምንም አልተንቀሳቀሰም» የሚል መልእክት ወደ አንጎሉ ይልካል፤ ጆሮው ግን «እየወጣን እየወረድን ነው» ይላል። አንጎል ይህን የሁለት ምስክሮች አለመስማማት ማስታረቅ ሲያቅተው በማዞር፣ በቀዝቃዛ ላብና በማስመለስ ይገልጠዋል። የሁለቱም ጆሮዎች የሚዛን አካል ጨርሶ የማይሠራላቸው ሰዎች በማዕበል መካከል እንኳ የማያስመልሳቸው መሆኑ የነገሩ መነሻ ጆሮ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

እንቅስቃሴ ሁሉ እኩል አያስመልስም። ሰውን ከሁሉ የበለጠ የሚያውከው አንዱ መውጣትና መውረድ አምስት ሰከንድ ያህል የሚፈጅበት ዘገም ያለ መዋዠቅ ነው። ስለዚህ ፈጥኖ በሚሄድ ጀልባ ላይ የሚሰማው ተከታታይ ንጠት ወገብ የሚያደክም ቢሆንም እንደ ዘገምተኛው መዋዠቅ አያቅለሸልሽም። ሞተሩ ጠፍቶ ጀልባው ውኃ ላይ ሲቆም፣ ለምሳሌ ጉማሬ ለማየት ወይም ፎቶግራፍ ለማንሳት፣ ቀድሞ ደኅና የነበረው ሰው ድንገት የሚታመመው በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቅ መርከብም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም፤ በተነሳ ባሕር ላይ የሚኖረው ቀርፋፋ መነሳትና መውረድ ወደዚያው አስቸጋሪ ምት ሊጠጋ ይችላል።

ሕመሙ ከሁሉ ይበልጥ የሚበረታው ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ግን ብዙም አይታመሙም። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ይጋለጣሉ፤ በተለይ በእርግዝናና በወር አበባ ወቅት ይብስባቸዋል። ማይግሬን ያለበት ሰውም እንዲሁ ነው። አውቶቡስ የሚያስመልሰው ሰው ጀልባም ሊያስመልሰው እንደሚችል አስቦ መዘጋጀት ይኖርበታል። ነገሩ የድፍረት ወይም የጥንካሬ ጉዳይ እንዳልሆነ ለማወቅ የእንግሊዙን ዝነኛ የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰንን ማስታወስ ይበቃል፤ ዕድሜውን በመርከብ ላይ ያሳለፈ ሰው ሆኖ ሳለ ባሕር ያስመልሰው ነበር። ቻርልስ ዳርዊንም እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 ድረስ በመርከብ ዓለምን ሲዞር በዚሁ ሕመም ክፉኛ ተሠቃይቷል፤ በዚያን ጊዜ ሆዱ የሚቀበልለት ምግብ ዘቢብ ብቻ እንደነበረ ለቤተሰቡ ጽፏል።

ሰዓትና ጀልባ መምረጥ

በጣና ላይ ነፋሱ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ተነስቶ እኩለ ቀን ላይ የሚመለስ ፕሮግራም መያዝ ከማንኛውም መድኃኒት የተሻለ መከላከያ ነው። ለዘጌና ለአካባቢው ይህ በቀላሉ ይቻላል። ወደ ደቅ፣ ወደ ዳጋ ወይም እስከ ጎርጎራ ለሚሄድ ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ከጀልባ ነጂው ጋር ስለ መመለሻው ሰዓት መነጋገር ያስፈልጋል። ሐይቁን ዕለት በዕለት የሚያየው እርሱ ነው፤ «ዛሬ ከሰዓት አይሆንም» ካለ መከራከር አይገባም። በገሊላም ባሕር ላይ እንዲሁ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ነፋስ ይነሳል። በኤጂያን ባሕር ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ቀናትን ሙሉ ሊነፍስ ስለሚችል ሆዱ የማይችል መንገደኛ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የነፋሱን ትንበያ ማየት ይኖርበታል።

መቀመጫን በሚመለከት ደንቡ አጭር ነው፤ መካከል ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ፊትን ወደሚሄዱበት አዙሮ መቀመጥ። ጀልባ ሞገድ ላይ ሲወጣ ሁለቱ ጫፎቹ ብዙ ይነሳሉ፣ ብዙም ይወርዳሉ፤ መካከሉ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። የፊት ጫፍ ለፎቶግራፍ ቢያምርም ለሆድ ግን መጥፎው ቦታ ነው። የኋላውም ጫፍ ከሞተሩ አጠገብ ስለሆነ የቤንዚኑና የጭሱ ሽታ ብቻውን ያቅለሸልሻል። በጎን በተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ ፊቱንና ትከሻውን ወደ ፊት መልሶ ይቀመጥ። በትልልቅ መርከቦችም መካከለኛውና የታችኛው ፎቅ ይመረጣል፤ ነገር ግን የታችኛው ክፍል መስኮት ከሌለው አድማስ አይታይበትም። እንዲህ ሲሆን ወይ ወደ ውጭ ወጥቶ ሩቅ መመልከት፣ አለዚያም በጀርባ ተኝቶ ዓይንን መጨፈን እንጂ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት አይበጅም።

በጣና ጉዞ ላይ ሴቶችን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት በመሆናቸው ወንዶቹ ሲሳለሙ ሴቶቹ በቆመ ጀልባ ውስጥ እየተወዛወዙ ሊጠብቁ ይችላሉ። ከላይ እንደተገለጸው የቆመ ጀልባ ከሚሄደው ይልቅ ያማል። ስለዚህ ወደ ክብራን የሚሄድ ቡድን ሴቶቹን ሴቶች በሚገቡበት በአጠገቡ ባለው በእንጦስ ኢየሱስ እንዲያወርድ፣ ወደ ዳጋ የሚሄደውም በደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴን እየተሳለሙ እንዲጠብቁ አስቀድሞ ከነጂው ጋር ቢስማማ መልካም ነው።

ሆድን ማዘጋጀት፤ የጿሚውም ጉዳይ

ባዶ ሆድ ያስመልሳል፤ ከልክ በላይ የሞላ ሆድም ያስመልሳል። የሚመረጠው ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ፣ ቅባት ያልበዛበት ምግብ መብላት ነው። ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ቆሎ ወይም ቀጠን ያለ የአጃ ሾርባ ጥሩ ናቸው። ቅቤ የበዛበት ፍርፍር፣ ጥብስና ክትፎ ከጉዞው በኋላ ይደርሳሉ። ጠጅም ሆነ አረቄ ማታውኑ መተው አለበት፤ አልኮል ሰውነትን ከማድረቁም በላይ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን የሚዛን ቱቦዎች ሥራ ራሱ ያዛባል፤ የጠጣ ሰው ሲተኛ ቤቱ የሚዞርበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቡና የለመደ ሰው አንድ ስኒ ቢጠጣ ጉዳት የለውም፤ በባዶ ሆድ ሦስቱንም ስኒ ከጠጣ ግን ጨጓራውን ለራሱ ያውከዋል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ለቅዳሴ የሚሻገረው ምእመን ነው። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ከመቁረቡ በፊት ለ18 ሰዓት ያህል እህልም ውኃም አይቀምስም፤ ስለዚህ «ትንሽ ቀምሰው ይነሱ» የሚለው ምክር ለእርሱ አይሆንም። ለእንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለው በዋዜማው በቀን ተሻግሮ እዚያው ማደርና ጠዋት በእግር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ ነው። ይህ ካልተቻለ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት በቂ ምግብና በቂ ውኃ መውሰድ፣ በማለዳው ጸጥታ መሻገር፣ መንገዱንም በተቻለ መጠን ዓይንን ጨፍኖ ማሳለፍ ይጠቅማል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነም ለረጅም ሰዓት ከሚሠሩት ውስጥ አንዱን ጾሙ ከመጀመሩ በፊት መውሰድ ይችል እንደሆነ ፋርማሲስት ይጠይቅ። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕመምተኞች፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ግን ጾሙንና ጉዞውን አንድ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ኢንሱሊን ወስዶ፣ ሳይበላ ቆይቶ፣ በዚያ ላይ ማስመለስ የደም ስኳርን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርደው ይችላል። ሥዕሉንና ቅርሱን ለማየት ብቻ የሚሄድ ጎብኚ ግን ባዶ ሆዱን የሚነሳበት ምክንያት የለውም።

መድኃኒቶች

ለዚህ ሕመም የሚሰጡት እንክብሎች አብዛኞቹ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው፤ ወደ አንጎል ስለሚገቡ የማስመለሱን ምልክት ያደበዝዛሉ፤ በዚያውም ያስተኛሉ። አዲሶቹ እንቅልፍ የማያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉት፣ ለዚህ አይጠቅሙም። ዳይመንሃይድሪኔት ለአዋቂ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ሆኖ ከጉዞው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ሜክሊዚን ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል፤ በቀን አንዴ ስለሚበቃ ለረጅም ጉዞ ይመቻል። ሲናሪዚን 30 ሚሊ ግራም ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚወሰድ ነው። ፕሮሜታዚን 25 ሚሊ ግራም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተኛው ሲሆን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላልና። ስኮፖላሚን የሚባለው ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ መድኃኒት ደግሞ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ሲሆን ለልጆች አይሆንም። የለጠፈበት እጅ ሳይታጠብ ዓይን ከተነካም የዓይኑን ብሌን አስፍቶ እይታን ያደበዝዛል።

ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት፣ ሽንት የሚያስቸግረው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከእነዚህ አንዱንም ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቅ። የልጆች መጠን በዕድሜና በክብደት ስለሚለያይ የአዋቂውን እንክብል ቆርሶ በግምት መስጠት አይገባም። አዲስ መድኃኒት ከሆነ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሞክሮ ምን ያህል እንደሚያስተኛ ማወቅ ጥሩ ነው።

በቤት ውስጥ ከሚገኙት መካከል ዝንጅብል ለአንዳንዱ ሰው ማቅለሽለሹን ይቀንስለታል፤ የምርምሩ ውጤት የተቀላቀለ ቢሆንም ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ ጠዋት የዝንጅብል ሻይ መጠጣት ወይም ቁራጩን ማኘክ ይቻላል። በአውቶቡስ ላይ የለመድነው ሎሚና ጤና አዳም ማሽተት በዓይንና በጆሮ መካከል ያለውን አለመስማማት አያስተካክልም፤ የቤንዚኑን ሽታ ግን ይሸፍናል፣ እርሱም ቀላል ጥቅም አይደለም። የእጅ አንጓን የሚጫኑ አምባሮች መሥራታቸውን የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው፤ ገንዘቡን ለተሻለ ጀልባ ማዋል ይሻላል።

በጉዞው ላይ

ጀልባው ከተነሳ በኋላ የዓይን ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል። ስልክ ወደ ኪስ ይግባ፤ መጽሐፍ፣ የጸሎት መጽሐፍም ጭምር፣ ከመድረሻው በፊት አይከፈት፤ በቃል የሚታወቀው ጸሎት ይበቃል። ዓይን በማይንቀሳቀስ ሩቅ ነገር ላይ፣ በዳርቻው ኮረብታ ወይም በደሴቱ ዛፎች ላይ ይረፍ። ራስን በተቻለ መጠን ሳያንቀሳቅሱ በወንበሩ ላይ ማስደገፍ፣ በዝግታና በእኩል ምት መተንፈስ፣ ነፋስ ወደሚገባበት ፊትን ማዞር ይረዳል። ነጂው እምብዛም የማይታመመው ልማድ ስላለው ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ሞገድ እያየ ሰውነቱ አስቀድሞ ስለሚዘጋጅ ጭምር ነው። ተሳፋሪም ሞገዱን ፊት ለፊት እያየ ከሄደ የዚህ ጥቅም ተካፋይ ይሆናል። ልጆችን በጨዋታ ሩቅ እንዲያዩ ማድረግ፣ ወፍ እንዲቆጥሩ ወይም ታንኳ እንዲፈልጉ መጠየቅ፣ ታብሌት ከመስጠት እጅግ ይሻላል።

ሕመሙ ሳይነግር አይመጣም። ተደጋጋሚ ማዛጋት፣ ምራቅ መብዛት፣ ፊት መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብና ዝምታ ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ሲታይ ሳይተፋፈሩ ወዲያው መናገር፣ ወደ መካከለኛው ቦታ መዛወር፣ አንገት ላይ የጠበቀውን ልብስ ማላላትና፣ ቦታ ካለ፣ በጀርባ ተንጋሎ ዓይንን መጨፈን ያስፈልጋል። ነጂው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ወይም ሞገዱን በጎን ከመቀበል ይልቅ በማዕዘን እንዲቆርጠው ሊጠየቅ ይችላል፤ ልምድ ያለው ነጂ ነገሩን ወዲያው ይረዳል። ቅርብ ደሴት ካለ ወርዶ ጥቂት ማረፍ ብዙውን ሰው ይመልሰዋል።

ማስመለስ ግድ ከሆነ በፌስታል ውስጥ ይሁን። በትንሽ ጀልባ ላይ በድንገት ተነስቶ በጎን ማዘንበል ጀልባዋንም ሰውየውንም አደጋ ላይ ይጥላል፤ ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬት እንደተለበሰ፣ ቁጭ ብሎ፣ ሌላ ሰው ወገብን ይዞ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ ውኃን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጉንጭ በጉንጭ መጠጣት ይገባል። ማስመለሱ ከተደጋገመ አንዱን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በዝግታ መጠጣት የጠፋውን ፈሳሽና ጨው ይተካል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ባርኔጣና ጥላ ከሌለ ድርቀቱ ይፈጥናል። ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ እንክብል ሆድ ውስጥ ስለማይቆይ ብዙም አይረዳም።

ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ የሞተሩ ጭስ ነው። በሸራ ወይም በፕላስቲክ በተከለለ ጀልባ ውስጥ፣ በተለይ ጀልባው በዝግታ ሲሄድ ወይም ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሊጠራቀም ይችላል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታና ቀለም የለውም፤ የሚያመጣው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽም ከባሕር ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ውኃው ጸጥ ብሎ ሳለ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው ነገሩ ሞገድ አይደለም፤ መጋረጃው ወዲያው ይከፈት፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሁሉም ንጹሕ አየር ያግኙ።

ከወረዱ በኋላ

መሬት ከረገጡ በኋላ አብዛኛው ሰው በአጭር ጊዜ ይሻለዋል። ለብዙ ቀን በባሕር ላይ ለሚቆይ መንገደኛም ሰውነት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይለምዳል። ለጥቂት ሰዓታት፣ አልፎ አልፎም ለአንድ ሁለት ቀን፣ መሬቱ የሚወዛወዝ መምሰሉ የተለመደ ነው። ማስመለሱ ከወረዱ በኋላ ካላቆመ፣ ደም ከቀላቀለ፣ ፈሳሽ ለአንድ ቀን ያህል አልረጋ ካለ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ፣ ወይም መወዛወዙ ከቀናት በላይ ከዘለቀ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የሚያስተኛ እንክብል የወሰደ ሰውም ከጀልባ እንደወረደ መኪና አስነስቶ ወደ ጎንደር መንገድ እንዳይወጣ፤ ማቅለሽለሹ ቢለቀውም መድኃኒቱ ገና በሰውነቱ ውስጥ ስላለ መሪውን ለሌላ ሰው ይስጥ ወይም እዚያው ባሕር ዳር ይደር።